የአባቴ እጅ በቴሌቪዥን

ያን እንግሊዛዊ ካህናቱ መሀል ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልከስም። ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ ጠፍቶብን ስለነበር አንድ ሰው ከተገኘ እንደ ሙሽራ ነበር የምንከባከበው።

ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የቴሌቪዥን ተዋናይ ነኝ ሲለኝ ዝነኛ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ኧረ ማንም አያውቀኝም» ብሎ ሳቀ። አንዴ ሬሳ ሆኗል፣ አንዴ አስተናጋጅ፣ አንዴ በር አንኳክቶ የሚሄድ ፖሊስ። በዚያ ዓመት ደህና ሚና ካላገኘ ሙያውን ሊተወው ነው። አንጀቴን በላው። አብያተ ክርስቲያናቱን ሳስጎበኘው እሱ የሚያየው ሰዉን ነበር፤ ማን እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር፤ የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ቄስ ቅዱስ ሥጋውን እንዲያቀብል ማን ይፈቅድለታል? ቅንጣት ብትወድቅስ? አባቴ ደግሞ መቀደስ ከቀረባቸው ምን ቀራቸው? ስለዚህ ይደብቁት ነበር። መቅደስ ስገባ ጸጥ ይልልኛል ይሉን ነበር፤ እኔም አምናቸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ፣ አባቴም መሀላቸው ሆነው፣ ደጀ ሰላም ጠላ ሲቀምሱ እንግዳዬን ይዤ ገባሁ። «ተዋናይ ከሆነማ እስቲ ያሳየን!» አሉ። ተነሥቶ የደብሩን ገበዝ አረማመድ አስመሰለ። ገበዙ ራሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ሞኙ ሞቅ ብሎኝ «አባቴንስ?» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ለቅዳሴ ያዋስኩትን ነጠላ አጣፋ። ቀኝ እጁን በግራው ሸፍኖ ደረቱ ላይ ጫን አደረገው። ከሥር ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ልክ አባቴ፣ ቁርጥ አባቴን። ሳቁ ቆመ። እሱ የወደዱለት መስሎት ቀጠለ። ገበዙ ወደ አባቴ ዞረው «አባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ» አሉ፣ በትሕትና። አባቴ ዘረጉላቸው።

ማንም አልተቆጣም። ተራቸው ሲደርስ ሌላ ቄስ ገባ፣ አለቀ። አባቴም አልተቆጡኝም፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ ይነሣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። እኔ አጠገባቸው መቆም አቅቶኝ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ።

በዓመቱ እንግሊዛዊው ልጅ ጻፈልኝ። በተከታታይ ድራማ ውስጥ የእጁን መንቀጥቀጥ የሚደብቅ ወጣት ቀዶ ሐኪም ሆኖ ይሠራል። አሁን መንገድ ላይ ሰው ያስቆመዋል። «ባለውለታዬ አባትህ ናቸው» ይላል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ሌላውን ምን አውቆ?

ለአባቴ ላሳያቸው አላሰብኩም ነበር። አንድ ቀን ግን ራሳቸው «ያ ልጅ ሥራ አገኘ ወይ?» አሉኝ። ድራማውን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ሐኪሙ ቢላዋውን ሲያነሣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እስከ መጨረሻው አዩት።

«በሽተኛው ተረፈ?»

«ተረፈ፣ አባ።»

«እጁንስ? ማንም አላየበትም?»

«ማንም።»

ስልኩን መለሱልኝ።

«ታድሏል» አሉ።