የአባዬ ጣት ስትዘገይ

አባዬ አናጢ ነው። የቀለበት ጣቱን መጋዝ ስለጎዳት፣ ቤታችን ባለው ሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖው፣ ላይ አራት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ያቺ ጣት ሁሌም ትዘገያለች። እኔ ደግሞ ምት ካልገጠመ ደሜ ይፈላል። እሁድ ዕለት ሲንተሳይዘሩን የከበሮ ምት ከሚያወጣው ማሽኔ ጋር በገመድ አገናኘሁና አባዬ ሲጫወት ቀዳሁት። ማሽኑ የሚይዘው ድምፁን ሳይሆን የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ነው። እኔ ጅሉ፣ አባዬ ሳያውቅ የዘገየውን ሁሉ ማሽኑ ላይ ከምቱ ጋር አቃናሁት። ከዚያ ጠርቼው ቅጂውን ከፈትኩለት፤ ሲንተሳይዘሩ ማንም ሳይነካው ይጫወት ጀመር።

«እሰይ! ምን ዓይነት እጅ ነው! ማነው?»

«አንተ ነህ አባዬ። ትንሽ አስተካከልኩት እንጂ።»

እስኪያልቅ ሰማው። «ጎበዝ፣ ልጄ» አለና ያቺን ጣት በሌላው እጁ ሸፈናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማንም ደብቋት አያውቅም ነበር።