ዋናው ያልመጣለት ደብዳቤ

ዶው ራንግ በሃያ ዓመቱ፣ በበረሃው ጫፍ ባለች የጥበቃ ማማ ላይ፣ አሥራ አንድ ቀን ተከበበ። ከታች የሰሜን ፈረሰኞች ሰፍረዋል፤ ከላይ በረዶ ይወርዳል። ከአምስት ጠባቂዎች የተረፍነው እሱና እኔ ነን። ጥሬ ዳጉሳ ቆረጠምን፤ እሱም ሲያልቅ የቀበቷችንን ቆዳ ቀቅለን በላን። ከበባው ሲነሳ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በብርድ ጠቁረው ስለነበር ጫፋቸው ተቆረጠ።

የማማው ጸሐፊ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የመንግሥቱን ቀጥ ያለ ፊደል፣ እያንዳንዱን ጭረት ለብቻው እያነሱና እየጣሉ መጻፍ አቃተው። ብሩሹን ከሚጽፍበት የእንጨት ስንጥር ላይ ሳያነሳ፣ አንዱን ጭረት በሌላው ላይ እየጎተተ መጻፍ ጀመረ።

አለቃችን መጀመሪያ ሲያየው፣ «ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?» አለ።

«ዶሮዋ ፈጣን ናት፣ ጌታዬ» አለ ዶው ራንግ። «የጠላት ፈረስ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል።»

እውነትም ደረሰ። ዓመት ሳይሞላ በአካባቢው ያሉ ማማዎች ሁሉ እንደ እሱ መጻፍ ጀመሩ። እኔ ያኔ ሠላሳ አልፎኝ ነበር፤ አንድ ፊደል አላውቅም። ስህተቱን ከስንጥሩ ላይ በቢላ ሲፍቅ የሚወድቀውን፣ ፊደል ያረፈበትን ፍቅፋቂ እየለቀምኩ፣ እሱን እየጠየቅኩ ተማርኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ከዚያ ፍቅፋቂ በተማርኩት ነው፤ አላፍርበትም።

በሦስተኛው ዓመት አለቃው፣ ዶው ራንግ ሚስቱን ዪንን ከአገር ቤት አስመጥቶ አብሯት እንዲኖር ፈቀደለት። በመኸር፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራችን በሚመለሱ ወታደሮች እጅ ለዪን ደብዳቤ ላከ፤ መጨረሻው ላይ «ነይ» ይላል። በጸደይ አዲስ ምልምሎች መጡ። በእጇ የሰፋችውን ወፍራም ካፖርት አመጡለት፤ ቃል ግን የለም። ይህ ሰባት ዓመት ተደጋገመ።

«ልብሱን ልካ ቃሏን ነፈገችኝ» አለኝ አንድ ቀን። «አዝናልኝ ብቻ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«አንተ ጅል! ለሚታዘንለት ሰው እጅጌ እንዲህ በልኩ አይሰፋም።»

ኮሌታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የቤቱ የእንጆሪ እንጨት ጭስ ሽታ እስኪለቅ ድረስ አዲሱን ካፖርት አይለብሰውም ነበር፤ አጣጥፎ ይተኛበታል። በብርድ እየተንቀጠቀጠ አሮጌውን ይለብሳል። እኛም እንስቅበት ነበር።

በመጨረሻ ሁለታችንም ተሰናብተን አብረን ተመለስን። የመንደሩ መግቢያ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለ። «ሌላ አግብታ ከሆነ አልፌ እሄዳለሁ» አለኝ፤ እኔ ቀድሜ ሄጄ የቤቱን በር ከፈትኩ።

ዪን ብቻዋን ትሸምናለች። ከኋላዬ ሲገባ ባየችው ጊዜ ክሩን ለቀቀች፤ ተነሳች፤ ቆመች።

«ዋናውን ይዘህ መጣህ?» አለችው።

«የምን ዋና?»

ከጣሪያው ወጋግራ በሐር ክር የታሰሩ ሰባት የስንጥር ጥቅሎች አወረደች። በየዓመቱ ለመንደሩ ብቸኛ አንባቢ ስትወስዳቸው፣ ሽማግሌው የሚያውቁት ቀጥ ያለውን ፊደል ብቻ ስለነበር፣ «ልጄ፣ ይህ ቸኩሎ የጫጫረው ረቂቅ ነው። ዋናውን አስተካክሎ ሲጽፍ ይልክልሻል» ይሏት ነበር።

«እኔም ጠበቅኩ» አለች። «ላልተነበበ ደብዳቤ ምን ብዬ መልስ ላስጽፍ?»

ማማው ላይ ሁላችንም ያንን ጽሑፍ ስናነብ ስለኖርን፣ አገር ቤት ያለ ሰው እንደማያነበው ለማናችንም አልታየንም። ዶው ራንግ መሬት ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበላት። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዪን ፊቷን ወደ መሸመኛዋ አዞረች።

«እመጣ ነበር እኮ» አለች።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። ዪን ከተቀበረች ሁለት ዓመት ሆናት። ዛሬ የከተማው ወጣት ጸሐፊዎች ያንን አጻጻፍ ለውበቱ ሲሉ ይጽፉታል፤ የጀመሩትን እጆች ለማየትም ይመጣሉ። ባለፈው መኸር አንዱ፣ «አባቴ፣ ከሁሉ የሚኮሩበት የትኛው ጽሑፍዎ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ዶው ራንግ የተቆረጡ ጣቶቹን አየና እንዲህ አለ፦

«ፈጥኜ የጻፍኩትን ሁሉ ውሰዱት። ጣቴ ቢደማም ‹ነይ› የምትለዋን አንዲት ቃል ቀስ ብዬ፣ በቀጥታው ፊደል ልጽፋት ይገባኝ ነበር። ያን ሁሉ ብርድ አብራኝ ታሳልፈው ነበር።»