የቦዮዋ ጀልባ አልነሳ ያለች ቀን

አንዳንድ ማለዳ የመኪናዬን ቁልፍ ሳዞር ሞተሩ አልነሳ ብሎ «ቀጭ» የምትል ደረቅ ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ሰው ጠርቼ አስገፍቼ እሄዳለሁ፤ ነገር ግን ያቺ ድምፅ ሆሳዕና ወዳለው የልጅነት ግቢያችን መልሳ ስለምትወስደኝ፣ ቀኑን ሙሉ አፌ እንደመረረኝ ይውላል።

አባቴ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበር። ከተማው «ቲቸር ኤርጫፎ» ይለው ነበር፤ ሬዲዮ የተበላሸበትም፣ ቆጣሪ ያስቸገረውም በራችንን ሲያንኳኳ፣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ጠግኖ ይሸኘው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ማርቆስ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። አያቴ ሲሞቱ ማርቆስ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገው አባቴ ነው፤ ማርቆስም «ጋሼ» እያለ ይጠራው ነበር። ፈተና ወድቆ ትምህርቱ ስለቀረ፣ እንግዳ ሲመጣ አባቴ ስለ እሱ ማንሳት አይወድም ነበር። እኔ ግን ከማንም አብልጬ እወደው ነበር፤ እናቴ ገበያ ስትውል «አስቱካ» እያለ እያቆላመጠ ፀጉሬን የሚሠራልኝ እንኳ እሱ ነበር።

በአንድ በጋ አባቴ ከሐዋሳ አሮጌ ነጭ የመዝናኛ ጀልባ ገዝቶ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ቦኖሻ ከተማ አጠገብ ባለው በቦዮ ሐይቅ ላይ እሁድ እሁድ ቤተሰብ ለማንሸራሸር ነበር ሐሳቡ። ማታ ማታ ራት ላይ ስለዚያች ጀልባ ሲያወራ፣ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። በልጉን ሙሉ ከማርቆስ ጋር ሲፍቋት፣ ሲቀቧት፣ ወንበሮቿን በአዲስ ስፖንጅ ሲያለብሱ ከረሙ። ወንድማማቾቹ እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲሠሩ ያየሁት ያን በልግ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጀልባዋ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች። ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ሸራውን ገልጦ እየገባ፣ በጀልባዋ ባትሪ ቴፕ ከፍቶ መዝሙር ይሰማ ነበር፣ እኔም ገብቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ዝናቡ ከላይ ሸራውን ሲደበድብ እኛ ውስጥ ሆነን ሐይቁ ላይ ያለን ይመስለን ነበር። አባቴ አንድ ቀን ደርሶብን «ባትሪ ትጨርሳለህ!» ብሎ ስለተቆጣ፣ ማርቆስ ከዚያ በኋላ ቴፑን ነክቶት አያውቅም።

የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲያልፍ፣ ዝናቡ ቆሞ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ጀልባዋን ወደ ቦዮ ወሰድናት። አባቴ የትምህርት ቤቱን መምህራን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎችና የእናቴን ዘመዶች ሁሉ ጠርቶ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጀልባዋ ገባና አንድ ሽማግሌ ከጸለዩ በኋላ ቁልፉን አዞረ። «ቀጭ» አለች። ደግሞ አዞረ፤ «ቀጭ»። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ማርቆስ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገብቶ ወደ ጀልባዋ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ትናንት ቻርጅ አስደርጌዋለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገመዱን እንየው እስቲ፣ ጥቁሩን።»

አባቴ ባትሪውን በመለኪያው ለካውና አሥራ ሁለት ቮልት አገኘ። ገመዱም ከላይ ሲታይ ደህና ነበር። እንደገና አዞረ፤ አሁንም «ቀጭ» ብቻ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ ነህ ፊዚክስ የምታስተምረኝ?» ብሎ ጮኸ። «ክረምቱን ሙሉ ቴፕህን እየከፈትክ ገደልከው! አባታችን ሲሞት ጥሎብኝ የሄደው ሸክም አንተ ነህ! ለምንም የማትሆን!»

ያ ሁሉ ሰው ሰማ። ማርቆስ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ጥቂት ጊዜ አየውና «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወደ ቦኖሻ በእግሩ ሄደ፤ እየሮጥኩ ብከተለው ዞሮ አላየኝም።

ሦስት ሳምንት ያህል ከአባቴ ጋር ሳይነጋገሩ አንድ ቤት ውስጥ ኖሩ። አንድ ጠዋት ማርቆስ ዘመድ ልጠይቅ ሾኔ እሄዳለሁ ብሎ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ወጣ። እናቴና እኔ እስከ መናኸሪያ ሸኘነው። ከአምስት ቀን በኋላ ከሞያሌ ደወለ፤ እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ወጣቶች የደቡብ አፍሪካን መንገድ ጀምሮ ነበር። እናቴ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ሲሰማ ኮቱን ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ አስተማረ።

በጋው ሲገባ ጀልባዋን የሚገዛ ሰው ተገኘና አባቴ ሊያዘጋጃት ተነሣ። ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አቆመውና እኔን ቁልፉን እንዳዞር አዘዘኝ። እኔ ሳዞር እሱ ይለካል። ባትሪው ጋ ስንለካ ቮልቱ አልወረደም፤ ገመዱ ሞተሩ ላይ ከሚታሰርበት ስንለካ ግን ቁልፉ በዞረ ቁጥር ወደ ታች ይወድቅ ነበር። አባቴ መለኪያውን አስቀምጦ ጥቁሩን ገመድ ፈታና ላስቲኩን በቢላ ሰነጠቀው። ከውስጡ አረንጓዴ ዱቄት እጁ ላይ ፈሰሰ። መዳቡ በዝገት ተበልቶ፣ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ብዙ ኃይል ሲፈልግ ያ ቀጭን ክር አላሳልፍ ይላል፤ ቁልፉ ሳይዞር ሲለካ ግን ደህና ይመስላል። ይህንን አባቴ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስተምር ነበር።

አዲስ ገመድ አስሮ «አዙሪ» አለኝ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ በርሜሉ ውስጥ ውሃው ፈላ። እኔ በደስታ እየጮህኩ አጨበጨብኩ። አባቴ ወዲያው አጠፋውና አረንጓዴው ዱቄት ባልለቀቃቸው ጣቶቹ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አስቴር፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣችና «ምን ሆኖ ኖሯል?» ብላ ጠየቀች።

«ባትሪ ነው» አላት።

እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የአባቴ ተባባሪ ሆንኩ።

ማርቆስ ጆሃንስበርግ ደርሶ ሱቅ ከፈተ። በየበዓሉ ይደውል ነበር፣ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ «ጋሼን ይቅር በለኝ ብሎሃል በይልኝ» ይለኝ ነበር። አባቴ ስልኩ ሲጮህ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ቂም መስሎት «ቲቸር ልቡ ድንጋይ ነው» ይል ነበር፤ ከእፍረት እንደሚሸሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ «አባዬ፣ ልንገረው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አሁንማ ረፍዷል» አለኝ።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሞተ። ማርቆስ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው፣ ከወጣ መመለስ ስለማይችል፣ ለቀብሩ አልመጣም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ በቪዲዮ ደወለልኝ። ፀጉሩ ሸብቶ ነበር።

«ያን ባትሪ እኮ እኔ ሳልሆን አልቀርም የገደልኩት» አለኝ። «ጋሼ ልክ ነበር።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ስለ ገመዱ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አባቴ ጣቶች ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን አስቀመጠው፣ ጣሪያ ብቻ ይታየኝ ነበር።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

አሁንም በየእሁዱ ይደውላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሱቁ እናወራለን፣ ስለ አባቴ ግን አንዳችንም አናነሣም። ልጅ ሳለሁ ዝም ያልኩት አባቴን ላለማጣት ነበር። ዛሬ አባቴ በዚያን ዓመት በነበረበት ዕድሜ ላይ ነኝ፣ እንዳልናገር የሚከለክለኝም ሰው የለም፤ ማርቆስ ግን እንደ ድሮው «አስቱካ» ብሎ አይጠራኝም፤ አስቴር ብቻ ነው የሚለኝ።