ለሷ የማታው ይበቃታል

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ባዶ ወረቀት አደለንና «ጠዋት ከአልጋችሁ የሚያስነሳችሁን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አለ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ስለ ልጆቿ ገጹን ሞላችው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ዓላማ ቸግሮኝ አያውቅም ነበር እኮ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዓላማ ይዤ ኖሬያለሁ። ጣጣው ዓላማዬ ክፉ መሆኑ ነው፤ ደግሞም ተሳክቶልኛል።

ከወሎ አዲስ አበባ ያመጣችኝ የአባቴ እህት ናት። አንቱ ስላት የኖርኩትን ሴት አሁን «እሷ» ብዬ መጻፌ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ይሁን። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። «ስጠኝና ላስተምራት፣ የኔም ልጅ ናት» አለችው፤ አባቴም መርቆ ሸኘኝ። ሲኤምሲ ካለው ቤቷ ስገባ ልጆቿ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ አልጋቸውን አነጥፋለሁ። እነሱ ሳሎን ይበላሉ፣ እኔ ማድ ቤት። ትምህርት የምሄደው የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ለማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ሳሎን ያለውን ቡናማ ሶፋ በየቀኑ አራግፈዋለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። አትቀመጪ ያለኝ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ነገር ሳይነገር ይታወቃል።

አንድ እሁድ የመጣች እንግዳ ወደ እኔ እያየች «ይቺ ልጅ ቀን አትማርም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። እግዜር የላካት መሰለኝ። አክስቴ ስኳሯን እያማሰለች «ለሷ የማታው ይበቃታል» አለች። በክፋት ብትለው ይሻለኝ ነበር። ስለ አየሩ እንደሚወራ ነው ያለችው።

ያን ቃል ደብተሬ ሽፋን ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለኝ ገልጬ አየዋለሁ፣ ወዲያው እነቃለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ጸልያለሁ፣ ቂሜን ይዤ አጥንቻለሁ፣ አሥራ ሁለተኛን አልፌ ኮሌጁንም በማታው ጨርሻለሁ። ከቤቷ ወጥቼ ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ሰነድ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሰው ሲደክመው ያርፋል፤ እኔ ሲደክመኝ ያን ሶፋ አስባለሁ። አንድ ቀን ኃላፊ ሆኜ እሄዳለሁ፣ መሐሉ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ «እትዬ፣ የማታው በቅቶኛል» እላታለሁ፣ አንገቷን ትደፋለች። ፊት ስታጠብም፣ ታክሲ ስጠብቅም ይቺን ዓረፍተ ነገር እለማመዳለሁ። አባቴ «ነይና ዓይንሽን ልየው» እያለ ሲያስደውል «ልጨርስና» እለው ነበር። ሳልጨርስ ሞተ። ይህንንም በአክስቴ ሂሳብ ላይ ጻፍኩት።

ኃላፊ የሆንኩ ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት፣ ለብሼ ሄድኩ።

በር የከፈተችልኝ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ያለባት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጭን ልጅ ናት። ንግግሯ የአገሬ ንግግር ነው። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አክስቴ አርጅታለች። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፤ የእውነት እንባ ነው። እጄን ይዛ ራሷ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ዓረፍተ ነገሬን ለማውጣት አፌን ስከፍት ልጅቷን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ እህትሽን እያት! ቀን ካልተማርኩ እያልሽ ታለቅሺያለሽ፤ እሷ በማታው ተምራ አይደለም እንዴ ኃላፊ የሆነችው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያት እስቲ የኔ ልጅ፣ የማታው አልበቃሽም?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷ ጭራሽ ረስታዋለች። የምታፍርበት ነገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። ያ ሁሉ ዓመት የተኳረፍኩት ከማን ጋር ነው?

ልጅቷ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ታየኛለች። ምን እየጠበቀች እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «አልበቃኝም» ብል ለልጅቷ ይበቃት ነበር፤ አክስቴ ቃሌን የምትሰማበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ግን አፌ አንድ መልስ ብቻ ነው የለመደው፤ ይሉኝታም አለ፣ ደስ ያለኝም ነገር አለ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«በቅቶኛል፣ እትዬ» አልኩ።

አክስቴ ሳቀች፣ መረቀችኝ። ልጅቷ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ስወጣ በሩን የከፈተችልኝም እሷ ናት፤ «ደህና ይዋሉ» ብላኝ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት የምነሳው ሰዓቱ ስለሚጮህ ነው። ለአሠልጣኙ ወረቀቱን ባዶውን መለስኩለት። ተመልሼ ሄጄ ለአክስቴ እውነቱን ልንገራት እላለሁ። ከገርጂ ሲኤምሲ ሩቅ አይደለም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅቷ አሁንም በማታው ነው የምትማረው።