ከ1023 የማይወርደው ቁጥር

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ "የእናቴን ቡና በኮምፒውተር ሊያደርቅ" እያለች። ማድረቅ እንኳ አልነበረም፤ መለካት ነበር። ሚዛን ከተማ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። አማቴ ከቴፒ ወጣ ብሎ ቡና አላቸው፤ ጀንፈሉን ከነሸፈኑ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው ነው የሚያደርቁት። ቶሎ ከተነሣ ይሻግታል፣ ከቆየ ደግሞ ሲፈለፈል ይሰባበራል። ያን ዓመት ከቡናቸው ምርጡን ለይተው በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለናሙና ሊያቀርቡ ነበር። እኔም እርጥበቱን በቁጥር የሚያሳይ ሳጥን ሠርቼ በረንዳቸው ላይ ሰካሁ፣ የመለኪያ ዘንጎቹንም ቡናው ውስጥ ከተትኩ፤ በላፕቶፔ አስተካከልኩትና "ከአራት መቶ ሲወርድ ያንሡት" ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ደወሉ። "አንድ ሺህ ሃያ ሦስት ይላል።" ያ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ሊያሳይ የሚችለው የመጨረሻው ነው። ዝናብ ስለነበረ "እርጥብ ነው፣ ይቆይ" አልኳቸው። በሦስተኛውም ቀን ያው፣ በስድስተኛውም ያው። "ይቆይ" እያልኩ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ፀሐይም ዝናብም የማይለውጠው ምን ዓይነት እርጥበት ነው?

ቅዳሜ ሄድኩ። የመለኪያውን ዘንጎች ከቡናው ነቅዬ አየር ላይ ያዝኳቸው፤ 1023። በጨርቅ ጠረግኳቸው፤ 1023። ሽቦ ቀየርኩ፤ ምንም። ከዘንጎቹ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሜትር ለካሁት፤ ትንሽና ጤነኛ ነው። ታዲያ ቺፑ ጋ ሲደርስ ምን አሳበጠው? ተማሪ ቢጠይቀኝ በሁለት ደቂቃ የምመልሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን መሬት ላይ ተቀምጬ ግራ ገብቶኛል፤ በራሴም ተናድጃለሁ።

"እማዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር?"

"ኧረ! በዚህ ሳምንት አንድ ቀንም አልጠፋም፣ ተመስገን።"

"ሳጥኑን የነካ ሰውስ?"

"ያንተን ዕቃ ማን ይነካዋል?"

ከሰዓት በኋላ በሸኮ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። አማቴ የጀመሩትን ወሬ ሳያቋርጡ ተነሡና ዲቫይደሩ ላይ የተሰካውን ሁሉ ነቀሉ፤ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን፣ ሳጥኔን። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉንም መልሰው ሰኩ። እኛ አገር ሲያጉረመርም የማይነቅል የለም፤ እኔም ቤቴ እነቅላለሁ። በር እንደ መዝጋት ስለሆነ ማንም እንደ ነገር ቆጥሮ አያወራውም።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳጥኑ በተነቀለ ቁጥር በላፕቶፕ ያስተካከልኩለትን ይረሳል። እንደገና ሲሰካ ከዘንጎቹ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ባለ በሌለ አቅሙ ያባዛዋል፤ ቺፑም ከሚችለው በላይ ይገባበትና ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እንዳይረሳ አድርጌ መሥራት የኔ ፈንታ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ስሞክረው አንድም ቀን አልነቀልኩትም።

ላፕቶፑን አገናኝቼ አስተካከልኩት፤ ቡናው የተሸፈነበትን ሸራ ገልጬ ዘንጎቹን ቡናው ውስጥ መለስኩ። ሁለት መቶ አሥር። በደስታ ልጮህ ስል የቁጥሩ ትርጉም ገባኝና አፌን ያዝኩ።

አማቴ ቁጥሩን ዞር ብለውም አላዩት። አንድ ጀንፈል አንሥተው ፈለፈሉና ፍሬውን ነከስ አደረጉት፤ ተፈረካከሰ።

"ማክሰኞ ደርሶ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ስነቀንቀው ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላነሡትም?"

"አንተ ይቆይ አልክ። ልጄን የሰጠሁትን ሰው፣ አታውቅም ልበለው?"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለናሙና የተለየውን ቡና አብረን ከሌላው ጋር ቀላቀልነው።