በፎሌ የወረድነው ቁልቁለት

ንዴቴ ብዙ ነገር አበላሽቶብኛል። የሃይብሪድ ፒካፑን ጉዳይ ያህል የሚያንገበግበኝ ግን የለም።

የገዛሁት ቤንዚን ይቆጥባል ተብዬ ነው። ኮልፌ ባለችኝ አናጢ ቤት የምንሠራውን ወንበርና ጠረጴዛ በአሮጌ ፒካፕ ሳመላልስ ዕድሜዬ ማደያ ሰልፍ ላይ አለቀ። አዲሱ መኪና ከቤንዚኑ ሌላ በባትሪም ስለሚሄድ ከሰልፉ ይገላግለኛል ብዬ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት። ሹፌሩ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ቁልፉን ስሰጠው አባታችን ያስተማረንን አስጠነቀቅኩት፤ ቁልቁለት ባገኘህ ቁጥር ማርሹን አውጥተህ ፎሌ አድርገህ በነፃ ውረድ፣ ቤንዚን አታቃጥል አልኩት። የሰፈራችን ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚነዳው።

ሁለት ወር ሞላ፣ መኪናው ምንም አልቆጠበም። ለሻጩ ደውዬ ሰደብኩት። ቀጥሎ ወንድሜን ጠረጠርኩ፤ ቤንዚኑን እየሳበ ይሸጣል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጠዋት ማደያው ጋ ተሰልፈን ሳለ ገነፈልኩ። ሁልጊዜ አብረውን የሚሰለፉት ሹፌሮች እየሰሙ ሌባ አልኩት። እሱ ግን እንዳዘዝከኝ ነው የነዳሁት ብሎ ቁልፉን መቀመጫው ላይ ትቶ በእግሩ ሄደ።

እንደተናደድኩ መኪናውን አየር ጤና ለሚሠራ መካኒክ ወሰድኩት። አነዳድዎን ልይ ብሎ አብሮኝ ሳንሱሲ ድረስ ወጣ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እጄ ወደ ማርሹ ሲሄድ አይቶ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ይሄ መኪና ባትሪውን የሚሞላው ቁልቁለት ሲወርድና ፍሬን ሲይዙ ነው። ፎሌ ካደረጉት አይሞላም። ዳገቱን ታዲያ በምን ይውጣ? በቤንዚን ነው እንጂ።"

ደሜ ፈላ፤ የምጮህበት ሰው ግን አጣሁ። ቤንዚኑን ያባከንኩት እኔ፣ ሌባ የተባለው እሱ።

ለሳምንት መካኒኩ እንዳለኝ ነዳሁት። ቤንዚኑ አላልቅ አለ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ወንድሜን ኮልፌ 18 ማዞሪያ አገኘሁት፤ የሰው ሚኒባስ ይዞ ተራ ይጠብቃል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተመለስ አልኩት። እንዲህ ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ።

"ሌባ ያልከኝ ሰልፉ ላይ ነው" አለኝ ፊቱን ሳያዞር። "እዚያው ሄደህ ንገራቸው።"

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ከግማሽ ታንክ በላይ ቤንዚን እያለው፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ወርጄ መስኮት እያንኳኳሁ፣ ወንድሜ ሌባ አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ ለየሹፌሩ መንገር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳቁብኝ። ንዴቴን ውጬ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ።