ሰባቱ የሃያ አምስት ዓመት ልጆች

መምህር እንዳላማው ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ መጀመሪያ ያየው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። ባየው በአምስተኛው ቀን በሙያው የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። አዲስ አበባ ላይ የአምስት ቀን የራግቢ ሥልጠና አለ ተብሎ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የእግር ኳስ አሰልጣኙ አንተነህ «እኔ ያበጠ ኳስ አላሠለጥንም» ብሎ እምቢ አለ። የመረብ ኳስ መምህርቷ አራስ ነበረች። የቀረው እንዳላማው ብቻ ሆነና ተላከ። ሲመለስ አራት ሞላላ ኳሶች፣ አንድ ፊሽካና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የደንብ መጽሐፍ ይዞ መጣ። በሳምንቱ ከተማው ውስጥ «የራግቢ ባለሙያው» መባል ጀመረ። ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ ማዕረጉን የሚከራከረው አልተገኘም።

ወዲያው አምስት አባላት ያሉት አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከአምስቱ ጨዋታውን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጥሩብርሃን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «እስቲ ባጭሩ አስረዳን» አሉት።

«ኳሱን በእጅ ይዞ ወደ ፊት መሮጥ ነው። ለጓደኛ ሲያቀብሉ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚቻለው።»

«ወደ ኋላ እየሰጡ ወደ ፊት መሄድ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ትንሽ አሰቡና «ይኼንንማ እኛ እናውቅበታለን» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይም «ጨዋታው ለአካባቢው ተስማሚ መሆኑ ታምኖበታል» ተብሎ ተጻፈ።

እንዳላማው ግን ነገሩን ከምር ያዘው። የደንብ መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየ አንብቦ ጨረሰው። ከሁሉ የገባው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ነበር፤ ወጣት ተጫዋች የሚያድገው ከሌላ አገር እኩዮቹ ጋር በየዕድሜው ሲጋጠም ነው ይላል። ይህንን ወደ ራሱ ቋንቋ አመጣውና ለተማሪዎቹም ለሚስቱም ደጋግሞ ይናገረው ጀመር፦ «ልጅ በእኩያው ካልተለካ ማደጉን አያውቅም።» በሁለት ዓመት ውስጥ ናይሮቢ ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ጀማሪ ቡድኖች ውድድር እንደሚኖር ሲሰማ፣ ሰባት ሰባት ሆነው የሚጫወቱበት ዓይነት ስለሆነ አሥራ ሁለት ልጅ ይበቃኛል ብሎ ፍለጋ ወጣ።

አምስቱን ከተማው ውስጥ አገኘ። ስድስተኛውን፣ ማለትም ዘማርያምን ያገኘው ደምበጫ በገበያ ቀን ነው። ድንች እየገዛ ሳለ አንድ ፈረስ በባጃጅ ጡሩምባ በርግጎ ገበያውን ሰንጥቆ ገባ። ሰዉ ግራና ቀኝ ተበተነ። አንድ ጎረምሳ ብቻ ወደ ፈረሱ ሮጠ፤ ሃያ እርምጃ ያህል ጎን ለጎን ተሽቀዳደመና አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አቆመው። እንዳላማው ድንቹን ባለበት ትቶ ልጁ ዘንድ ደረሰ።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አሥረኛ።»

«ዕድሜህስ?»

«አሥራ ስድስት።»

እንዳላማው ቀና ብሎ አየው። ልጁ በአንድ ራስ ይበልጠዋል፤ ጺሙ ጉንጩን አልፎ ወደ ጆሮው እየወጣ ነው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።»

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ፣ ቲቸር» አለ ዘማርያም አንገቱን ደፍቶ።

እንዳላማው የሰው ቃል ብቻ ሰምቶ የሚመለስ አልነበረም። ልጁ ቤት ድረስ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ የብርጓል በጥያቄው ተገረሙ። «በሚሊኒየሙ መስከረም ነው የወለድኩት። አገሩ ሁሉ ሲጨፍር እኔ ምጥ ይዞኝ ነበር። እንዴት ይረሳኛል ብለው ነው?» አሉት። «ጺሙን ከሆነ ያዩት፣ የአባቱ ነው። ሌላ የሚያወርሰው ስላልነበረው እሱን ቀደም አድርጎ ሰጠው።»

ይህም አልበቃውም። ልጁን ያጠመቁት ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄዶ መዝገባቸውን እንዲያዩለት ለመነ። አባ ደብተራቸውን እየገለጡ ስለ ጨዋታው ጠየቁት።

«ምን ነበር ያልከኝ ስሙን?»

«ራግቢ ነው፣ አባ።»

«ስሙ ‹ግቢ› ይላል፤ አንተ ግን ልጆቹን ይዘህ ውጪ ልትሄድ ነው» አሉና ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። ጥቅምት ፲፭ ቀን ፳፻ ዓ.ም. ወልደ ገብርኤል ተብሎ ተጠምቋል። አርባ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር መስከረም አምስት። እናቲቱ እንዳሉት ነው። አባ ይህንኑ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ገልብጠው፣ ማኅተም መትተው ሰጡት።

ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ አንተነህ ወረቀቱን አይቶ ሳቀበት። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ለውድድር ዕድሜ ይቀንሳል እንጂ ያጣራል? የእኔ በረኛ አሥራ ሰባት ዓመት ከሆነው ስድስት ዓመቱ ነው።»

«የእኔዎቹ በትክክለኛ ዕድሜያቸው ነው የሚሄዱት።»

«እንግዲያው ብቻህን ነህ» አለው አንተነህ። ትክክል ነበር።

ከዘማርያም በኋላ ከዚያው ከደምበጫ ገጠር ስድስት ጠንካራ ልጆች ተጨመሩ፤ ሁሉም በዚያው በሚሊኒየሙ ዓመት የተወለዱ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ሲሆን በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ሲዘጋ እንዳላማው በስልክ ያሠለጥናቸዋል። ሜዳው ላይ መጀመሪያ መውደቅን አስተማራቸው፤ ከዚያ መጣልን፣ ከዚያ ሳያዩ ወደ ኋላ ማቀበልን። ለዘማርያም ከሁሉ የከበደው ተጋጣሚን አንገቱ ላይ አለመያዝ ነበር። «ፈረስ አይደለም! ወገቡን!» እያለ እንዳላማው ስድስት ወር ጮኸበት።

የጉዞው ጊዜ ሲቃረብ ፓስፖርት ያስፈልግ ነበርና መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣ ተባለ። የከተማዎቹ አምስት በየወላጆቻቸው በኩል አወጡ። ሰባቱ አንድ ላይ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ቅጹ ላይ ሁለት ረድፍ አለ፤ አንዱ የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ። መብራት ሊጠፋ ነው እየተባለ የሚጣደፈው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ረድፍ በትክክል ሞላ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም እንዳለ ገልብጦ ሞላ። ለሰባቱም። ፓስፖርቱ የተሠራው ከሁለተኛው ረድፍ ነው።

ፓስፖርቶቹ እንዳላማው እጅ የገቡት በመነሻቸው ዋዜማ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጆቹን ዕድሜ ሲያጣራ የኖረው ሰው አሥራ ሁለቱን ቆጠረ፣ እያንዳንዱን ፎቶ ከልጁ ፊት ጋር አስተያየ፣ ደስ ብሎት ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። የልደት ቀኑን አላየም።

በሞያሌ አድርገው ናይሮቢ ለመድረስ በአውቶብስ ብዙ ቀን ፈጀባቸው። እዚያ የምዝገባው ጠረጴዛ ላይ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። አምስቱን ወደ ቀኝ፣ ሰባቱን ወደ ግራ አደረገች።

«እነዚህ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው» አለች።

«የትኞቹ?» አለ እንዳላማው በእንግሊዝኛው እየተንተባተበ። የዘማርያምን ፓስፖርት ተቀብሎ አየ። ጃንዋሪ አምስት ቀን ሁለት ሺህ ይላል፣ በአውሮፓ፤ የመጀመሪያው ወር መስከረም ጃንዋሪ ሆኗል። ወዲያው ነገሩ ገባው። «የእኛ አገር አቆጣጠር ወደ ኋላ ነው! በሰባት በስምንት ዓመት! እነዚህ ልጆች አሥራ ሰባት ናቸው!»

ሴትዮዋ ዘማርያምን ቀና ብላ አየችው። ዘማርያም ጺሙን በእጁ ሸፈነ።

እንዳላማው የአባ ወልደ ሩፋኤልን ወረቀት አወጣ። ሴትዮዋ አዟዙራ ተመለከተችው። «ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አለች። «የቱ ነው ቁጥሩ?»

እንዳላማው ፳፻ የሚለውን በጣቱ አሳያት።

«ስሙስ ዘማርያም ነው የሚለው?»

«አይ… ወልደ ገብርኤል። የክርስትና ስሙ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን በአክብሮት አጥፋ መለሰችለት። ክፉ ሰው አልነበረችም። አምስት ልጅ ቡድን አይሆንም፤ ነገር ግን በውድድሩ ጎን የአዋቂዎች ክፍት ምድብ አለ፤ ሰባቱ ሰዎች፣ «ሰዎች» ነው ያለችው፣ እዚያ መጫወት ይችላሉ አለችው። አምስቱ ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ስለሆኑ ለደኅንነታቸው ሲባል ከአዋቂ ጋር አንድ ሜዳ አይረግጡም። እንዲህ ሆኖ፣ በአንድ ሜዳ አብረው የሠለጠኑ እኩያ ልጆች ግማሾቹ ሽማግሌ ተብለው ሊጫወቱ፣ ግማሾቹ ሕፃን ተብለው ከአጥር ጀርባ ሊቀመጡ ተወሰነ።

እንዳላማው ያን ቀን ምሳ አልበላም። የአዋቂዎቹን ምድብ ሄዶ አየ። የመጀመሪያው ተጋጣሚ የአንድ የጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ቡድን ነው፤ ሦስት አራቱ ልጆቻቸውን አቅፈው ነው ሜዳ የመጡት። ተመልሶ ሰባቱን ሰበሰበ።

«አንጫወትም» አላቸው። «በሰነድ አድጋችሁ ይሆናል፣ በአጥንት ግን አላደጋችሁም።»

«ቲቸር፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተን?» አለ ዘማርያም።

«እናትህ ምን ይሉኛል?»

«‹ተጫውቶ መጣ› ይሻላል ወይስ ‹ሳይጫወት መጣ›?»

በመጨረሻ እንዳላማው አንድ ጨዋታ ብቻ ፈቀደ፤ አንድ ልጅ ቢያነክስ ወዲያው ይቆማል። እሱም ፊሽካውን ጥርሱ መሐል ነክሶ፣ ዳኛው ባያቆመውም ጨዋታውን ለማቆም ተዘጋጅቶ መስመሩ ዳር ቆመ።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ደቂቃዎች የሚተረኩ አይደሉም። ጠባቂዎቹ ልጆቹን በሥራ ልማድ እየያዙ መሬት ያስቀምጧቸው ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መጥታ ዘማርያም ላይ ደረሰች። ሮጠ። የመጀመሪያውን በትከሻው ገፋው፣ ሁለተኛውን አለፈው፣ ሦስተኛው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ አብሮት ሮጠና ሁለቱም መስመሩን አልፈው ወደቁ። አምስት ነጥብ። ከአጥሩ ጀርባ አምስቱ «ሕፃናት» ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ጨዋታው ሠላሳ ስምንት ለአምስት አለቀ። ማንም አልተጎዳም፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ በቀር፤ እሱም ዘማርያምን ለመጣል ሞክሮ ነው።

ሰላምታ ሲሰጣጡ አንድ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ወደ እንዳላማው መጣ። ወጣት ተጫዋቾችን በነፃ እያስተማረ የሚያሳድግ ማሠልጠኛ አለው። «ያ ባለ ጺሙ፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ሰውዬው እስኪበቃው ሳቀ። የስም ዝርዝሩን አወጣና አየ። «ሃያ አምስት። ያሳዝናል» አለ። «አሥራ ሰባት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እወስደው ነበር።» እንዳላማው ወረቀቱን እንደገና ሊያወጣ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ፤ ከዚያ ተወው። የሰውዬውን ስልክ ቁጥር ብቻ ተቀበለ።

ማታ ዘማርያም «ምን አለ ሰውዬው?» ብሎ ጠየቀው። እንዳላማው ውሸት አይችልም ነበርና እንዳለ ነገረው። «እንግዲያው ጎበዝ ነኝ ማለት ነው» አለ ልጁ። እንዳላማው ፊቱን አዙሮ ማሊያ ማጠፍ ጀመረ።

ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ንግግር አደረጉ። «በስፖርታችን የዕድሜ ማጭበርበር በበዛበት በዚህ ዘመን፣ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቅ ቡድን በግልጽ ይዞ የቀረበ የመጀመሪያው አሰልጣኝ» ብለው አወደሱትና የምስክር ወረቀት ሰጡት። እንዳላማው ማይክራፎኑን ተቀብሎ «ስሕተት ነበር፤ ልጆቹ እውነት አሥራ ሰባት ናቸው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ትሕትናውን አያችሁ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።

ወይዘሮ የብርጓል ደግሞ ፓስፖርቱን ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ልጃቸው ሃያ አምስት ከሞላው የወጣቶች መሬት ይገባዋል ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ ልጁን ከጨቅላነቱ ያውቁት ነበርና «እሱ እኮ ገና ልጅ ነው» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ሁሉ ባለሥልጣን መሐል ዕድሜውን ያመኑለት እሳቸው ብቻ ሆኑ፤ ያውም ለመከልከል።

የልደት ቀኑን ማስተካከል በፍርድ ቤት ዘጠኝ ወር ፈጀ። አባ ወልደ ሩፋኤል ሁለት ጊዜ ለምስክርነት ቀረቡ። ውሳኔው ሲወጣ እንዳላማው ኮፍያ ላጠለቀው ሰውዬ በዚያው ሰዓት መልእክት ላከለት። መልሱ ቶሎ መጣ፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ግን አሁን አሥራ ስምንት አልፎታል፤ እኛ የምንቀበለው እስከ አሥራ ሰባት ነው።» እንዳላማው መልእክቱን ለሚስቱ አነበበላት። ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ክለብ ደወለ፤ እዚያም ከሃያ ዓመት በታች ለሆኑት ልጅ ይፈልጉ ነበር። ዘማርያም ጺሙን ተላጭቶ ሄደ። አሁን እዚያ ነው፤ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ይለማመዳል፣ እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። ጺሙ በሁለት ቀን ይመለስበታል።

ከሰባቱ ሦስቱ እርሻ ላይ ናቸው፣ ሦስቱ አሁንም ቅዳሜ ይመጣሉ። እንዳላማው ደግሞ ዘንድሮ የሴቶች ቡድን ጀምሯል፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች። ለእያንዳንዷ ልጅ ጽሕፈት ቤት አብሮ ይሄዳል፤ ከጸሐፊው ጀርባ ቆሞ ሁለቱን ረድፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጸሐፊዎቹ አይወዱትም። ሰኞ ወደ ደብረ ኤልያስ ሊወርድ ነው። እዚያ ወንጌላዊት የምትባል፣ ወንዝ ሲሞላ ታናናሾቿን በሁለት ብብቷ ይዛ የምታሻግር ልጅ አለች ብለውታል።